መጀመሪያ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ሳብዉፈሩን

ቤታቸው ውስጥ ለሚሠሩ ወጣት አቀናባሪዎችና የድምፅ ባለሙያዎች ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሰሞኑን ደጋግሜ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። "ሳብዉፈር ልግዛ ወይ?" የሚል። ሳብዉፈር፣ ባጭሩ ሳብ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ ያደረገ ልጅ ነው። ወይም ሳሎኗ ጥግ ላይ ኮምፒውተርና ሁለት ሞኒተር፣ ማለትም የስቱዲዮ ድምፅ ማጉያ፣ የዘረጋች አቀናባሪ ናት። ሥራው እዚያው ቤት ሲሰማ ያምራል። ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ግን ቤዙ የዘፋኙን ድምፅ ይውጠዋል። ሌላውን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይገጥመዋል። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ሲለቀቅ ከበሮው ሳስቶ፣ ቤዝ ጊታሩ ጠፍቶ ይቀራል። ሁለቱም "ሞኒተሬ ቤዝ ስለማያወጣ ነው" ይሉኛል።

እውነትነት አለው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ሳብዉፈር እወዳለሁ። በትክክል ከተገጠመ ሥራ ያቀልላል። የሚገዛው ግን ዘፈኑ ውስጥ ያለውን ቤዝ፣ ያለውን ያህል ለመስማት ነው። ያን መስማት የሚያስችለው ወይም የሚከለክለው ደግሞ ከሁሉ በፊት የተቀመጣችሁበት ክፍል ነው። ክፍሉን ሳያውቅ ሳብ የገዛ ሰው ያንኑ ችግር ጎልቶ ይሰማዋል፤ አይፈታለትም።

ትንሹ ሞኒተር ምን ይደብቃል?

በቁጥር እንየው። ሄርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይለካል፤ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ዴሲቤል ደግሞ የድምፁን ጉልበት ይለካል። ብዙ ቤት የሚገኘውን ያማሃ ኤችኤስ5 እንውሰድ። ባለ 5 ኢንች ነው። ፋብሪካው ራሱ እንደሚገልጸው፣ ወደ ታች ሲወርድ 74 ሄርዝ ላይ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። 54 ሄርዝ ላይ ሲደርስ 10 ዴሲቤል ቀንሷል። ከዚያ በታች እየጠፋ ይሄዳል።

አሁን ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር አንሱ። ወፍራሙን የኢ ክር ሳትይዙት በባዶው ብትመቱት 41 ሄርዝ ነው። ባለ አምስት ክር ከሆነ ዝቅተኛው ቢ 31 ሄርዝ ገደማ ይወርዳል። ከሮላንድ ቲአር-808 የከበሮ ማሽን የወረስነው ያ ረጅም ኪክስ (የትልቁ ከበሮ ምት)? ማሽኑ ከወጣበት ከ1980 ጀምሮ ስንት ሙዚቃ ተሸክሟል። ዋናው ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ ከ60 ሄርዝ በታች ነው።

"እኔ ግን ቤዝ ጊታሩን በደንብ እሰማዋለሁ" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። የምትሰሙት ከበላዩ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ነው። 41 ሄርዝ ያለው ኖታ ሲመታ 82፣ 123፣ 164 እያሉ ወደ ላይ የሚወጡ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ጆሯችን እነሱን ሰምቶ ከታች 41 መኖሩን ራሱ ይሞላዋል። ኖታው የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምን ያህል እንደሆነ ግን አታውቁም። ሚክስ ማድረግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን፣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የ"ምን ያህል" ጉዳይ ነው።

ሌላም የሚደበቅ ነገር አለ። ከበሮ በማይክ ስትቀዱ ወለሉን የሚረግጠው እግር አብሮ ይገባል። ዘፋኙ ማይኩ ላይ "ፐ" ሲል የሚወጣው ትንፋሽ፣ የማይክ ማቆሚያው ሲነካ የሚሰማው ግጭት፣ ከመንገድ የሚመጣ የከባድ መኪና ጉርምርምታ፣ ሁሉም ታች ተቀምጠዋል። አይሰሟችሁም። ማስተሪንግ (የዘፈኑ የመጨረሻ ማስተካከያ) ላይ ግን ቦታ ይይዛሉ። ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታው ሊሚተር በእነሱ ምክንያት ይሠራና የዘፋኙ ድምፅ ያለ ጥፋቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሳብ የገጠመ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጥቅም እኔ እንደማየው ይሄ ነው። ቆሻሻውን ይሰማል፣ ይቆርጣል።

ክፍሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ታገሱኝ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን ቁጥር ለ40 ሄርዝ ብታካፍሉት የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8.5 ሜትር ገደማ ይመጣል። የእናንተ ክፍል ስንት ነው? 3 በ4 ሜትር ከሆነ ደህና ቦታ አላችሁ። ያም ሆኖ ሞገዱ ከክፍሉ ይረዝማል። ግድግዳ ይመታል፣ ይመለሳል፣ ከራሱ ጋር ይገናኛል። አንድ ቦታ ላይ ሲደመር ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋፋል።

የትኛው ኖታ ላይ እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። ከባድ ሒሳብ አይደለም። 343ን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ አካፍሉ። ክፍላችን 4 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ወርድ፣ 2.8 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ርዝመቱ 43 ሄርዝ ይሰጠናል። ወርዱ 57። ከፍታው 61። ወደ ሙዚቃ ስንመልሳቸው 43 ኤፍ አካባቢ ነው። 57 ከኤ አልፎ ወደ ቢ ፍላት ይጠጋል። 61 ቢ ነው። እነዚህ ኖታዎች በዚህ ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል አይሰሙም። ዘፋኙ "ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግልኝ" ሲላችሁና ቁልፉን ስትቀይሩ የቤዙ ክብደት በድንገት የሚቀየረው ለዚህ ነው። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ ቤዙ ደጋግሞ የሚያርፍበት ኖታ ከነዚህ በአንዱ ላይ ከወደቀ ክፍሉ ያጮኸዋል ወይም ይሰርቀዋል።

ያጮኸዋል ወይስ ይሰርቀዋል? የሚወስነው ወንበራችሁ ያለበት ቦታ ነው። ያ 43 ሄርዝ በርዝመቱ ሁለቱ ጫፎች፣ ግድግዳዎቹ አጠገብ፣ ከባድ ነው። መሐል ላይ፣ 2 ሜትር ላይ፣ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚሠራ ሰው ቤዙ በዝቶ ይሰማዋል። ይቀንሳል። ሥራው ሠርግ አዳራሽ ሲደርስ የሳሳ ይሆናል። ክፍሉ መሐል ተቀምጦ የሚሠራው ደግሞ ቤዝ ይጎድለዋል። ይጨምራል፣ ይጨምራል። ሥራው ታክሲ ውስጥ ሲከፈት መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። በነገራችን ላይ መኪና ውስጥ ነገሩ ይብሳል። የመኪናው ውስጥ ከሞገዱ በጣም ስለሚያንስ ዝቅተኛው ድምፅ ታምቆ ይጎላል። መጀመሪያ ላይ ያነሳኋቸው ሁለቱ ሰዎች ሞኒተራቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የሚለያዩት ወንበሩ ላይ ነው።

እዚህ ክፍል ውስጥ ሳብ ብታስገቡስ? መሐል ላይ የጠፋው ኖታ ጉልበት በመጨመር አይመለስም። ድምፁ ሲጨምር የሚያጠፋው መልስ ሞገድም አብሮ ይጨምራልና። በዙሪያው ያሉት ኖታዎች ግን ይጮኻሉ። ክፍተቱ ከበፊቱ ይሰፋል።

አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ፣ 3 በ3 ክፍል ካላችሁ ደግሞ 57 ሄርዝ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣባችኋል። ሌላ ክፍል የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ምረጡ። ከሳሎንና ከመኝታ ቤት ረዘም ያለውን ውሰዱ። የቤተሰቡን ፈቃድ ማግኘት የእናንተ ፋንታ ነው።

ስለ ግድግዳም አንድ ነገር ልበል፤ ምክር ከኢንተርኔት ስለምትወስዱ። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን የሚሠሩበት ቤት ብዙ ጊዜ በእንጨት ተዋቅሮ በጂፕሰም ሰሌዳ የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ቤዝ ሲመታው ራሱ ይንቀጠቀጣል። የተወሰነውን ይበላል፣ የተወሰነውን ወደ ውጭ ያሳልፋል። አዲስ አበባ ያለው የብሎኬትና የኮንክሪት ክፍል ግን ቤዙን ይዞ ይመልሰዋል። ስለዚህ እዚያ የተሰጠ ምክር እዚህ ልክ ላይሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ሳብ፣ አንድ ዓይነት ልክ ያለው ክፍል፣ እዚህ ረዘም ያለ ጉርምርምታ ይተዋል። ትራክ ከዚህ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደዚህ የምትላላኩ ይህን አስቡበት። ሁለታችሁም "ቤዙ በዛ"፣ "ኧረ አነሰ" እያላችሁ የምትከራከሩት ስለ ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ

ምንም ሳትገዙ የምትሠሩት ሥራ አለ። ኪቦርዳችሁ ላይ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ ንጹሕ ሳይን ድምፅ (ተከታይ ድምፆች የሌሉት ነጠላ ድምፅ) አውጡ። ከታች ጀምራችሁ እያንዳንዱን ኖታ በእኩል ጉልበት፣ በተራ አጫውቱ። ግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ውጡ። ትንሽ ሞኒተር ብቻ ካላችሁ ከ55 ሄርዝ፣ ማለትም ከኤ ጀምሩ። ከአንድ ኦክታቭ ትንሽ ከፍ እስክትሉ ሂዱ። የትኛው ዘለለ? የትኛው ጠፋ? ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወንበሩን ሠላሳ ሴንቲሜትር ወደ ፊት ውሰዱና ድገሙት። ልዩነቱን ስትሰሙ የዛሬው ንግግሬ ግማሹ አያስፈልጋችሁም ነበር።

ወንበር ከየት ይጀመር ካላችሁኝ፣ ብዙዎቻችን የምንነሳው ከፊት ግድግዳ የርዝመቱን 38 በመቶ ያህል በመራቅ ነው። 4 ሜትር ክፍል ውስጥ 1.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ወዲያ በማለት ጆሯችሁ ይወስናል።

ቀጥሎ ጥጎቹ። ቤዝ የሚጠራቀመው ጥግ ላይ ነው። ቀጭን ስፖንጅ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል፣ ወፍራሙን አይነካም። ክፍሉ ይታፈንና ቤዙ እንዳለ ይቀራል፤ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል ማለት ነው። የእንቁላል ካርቶን ለቤዝ ምንም አይሠራም። በቀላሉ እሳት ስለሚይዝም ገመድ በበዛበት ክፍል ውስጥ እንዳታደርጉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የሚሠራው ውፍረት ነው። የእንጨት ፍሬም አሠሩ። በጥጥ፣ በበግ ሱፍ ወይም ካገኛችሁ በሮክ ዉል (ከድንጋይ በሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ሙሉት፤ አየር በሚያስተላልፍ ጨርቅ አልብሱት። ውፍረቱ ሠላሳ አርባ ሴንቲሜትር ይሁን። ከወለል እስከ ኮርኒስ ጥግ ላይ አቁሙት። ከፊት ያሉት ሁለት ጥጎች ካልተመቹ ከኋላ ያሉትን አድርጉ። አልጋና ወፍራም ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ባዶ ከሆነ ክፍል ይሻላል፤ አልጋውን ለማውጣት አትቸኩሉ።

የሚንቀጠቀጥ ነገርም ፈልጉ። ከ20 እስከ 120 ሄርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ልቀቁ። የመስኮት መስታወት፣ የበር እጀታ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሚስማር፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ፣ አንዱ ይጮኻል። ያ ጩኸት ከዘፈኑ ጋር ተቀላቅሎ ያታልላችኋል። በስፖንጅ ወይም በሲሊኮን ዝም አሰኙት።

ሳቡ መጣ

እሺ፣ ገዛችሁ። የት ይቀመጥ?

መሬት ላይ መንበርከክ የሚጠይቅ ጥሩ ዘዴ አለ። ሳቡን እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አድርጉት። ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ከተቻለ እሰየው። ብዙ ኖታ የሚነካ የቤዝ መስመር ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር እየዳሃችሁ ሂዱ። ሁሉም ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ታገኛላችሁ። ሳቡ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በድምፅና በጆሮ መካከል ያለው መንገድ ቦታ ሲቀያየር አንድ ዓይነት ስለሆነ ዘዴው ይሠራል።

ጥግ ላይ መክተት ይቀናል፤ ብዙ ድምፅ ስለሚወጣ። ብዙ ማለት እኩል ማለት አይደለም። ጥግ የክፍሉን ችግሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል። ከግድግዳ በጣም ማራቅም ሌላ ጣጣ አለው። ከኋላው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ከራቀ፣ የሚመለሰው ሞገድ 86 ሄርዝ አካባቢ ያጠፋዋል። 20 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ ይህ ጥፋት ከ400 ሄርዝ በላይ ይወጣል። ሳቡ እዚያ ድረስ ስለማይሠራ አይመለከተውም። ስለዚህ ግድግዳ አጠገብ፣ ከጥግ ወጣ ብሎ፤ ብዙ ክፍል ውስጥ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን።

ገመዱ ቀላል ነው። የኮምፒውተሩን ድምፅ ከሚያወጣው ኢንተርፌስ ግራና ቀኝ ወደ ሳቡ ይገባል። ከሳቡ ወደ ሁለቱ ሞኒተሮች ይወጣል። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ሳቡ ለሞኒተሮቹ የሚሄደውን ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጥበት ማብሪያ ካለው ነው። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ8ኤስ ይህ አለው። ለሳቡ ከላይ የሚቆርጠውን፣ ለሞኒተሮቹ ከታች የሚቆርጠውን፣ ሁለቱንም ከ80 እስከ 120 ሄርዝ ባለው ውስጥ ታስተካክላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ማብሪያ ሳይነካ ይተወዋል። ሞኒተሮቹም ሳቡም አንድ ላይ ከ60 እስከ 100 ያለውን ይጫወታሉ። የሚገኘው ድፍርስ ነው። ቆርጣችሁ ከሰጣችሁ ግን ትንሿ 5 ኢንች ከማትችለው ሥራ ታርፋለች። የዘፋኙ ድምፅ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ይህ ያልጠበቃችሁት ስጦታ ነው። ሳብ ገዝታችሁ መሐሉ ሲጸዳ!

ከ80 ጀምሩ። ከዚያ በላይ ከወጣችሁ ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጀምራል። ቤዝ ጊታሩ ከጠረጴዛ ሥር የሚጫወት ይመስላችኋል።

ከዚያ ፌዝ (phase)፣ ማለትም የሳቡና የሞኒተሮቹ ሞገድ አብሮ መሄድ አለመሄዱ። 80 ሄርዝ ላይ የሞገዱ ግማሽ 2.1 ሜትር ገደማ ነው። ሳቡ ከሞኒተሩ ይልቅ ከእናንተ በዚህ ያህል ቢርቅ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ማስተካከያው እንዲህ ነው። 80 ሄርዝ ሳይን ልቀቁ። ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ሰው የፌዝ ማብሪያውን ወዲያና ወዲህ ያድርግላችሁ። የጎላው ትክክለኛው ነው። እስከ 180 የሚዞር ቁልፍ ካለው፣ መጀመሪያ በጣም የጠፋበትን ነጥብ ፈልጉ። ጆሮ ከጎላው ይልቅ የጠፋውን በትክክል ይለያል። ከዚያ ተቃራኒውን ያዙ። ይህን ሥራ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ወር ቆይተው "ሳቡ ምንም አልጨመረልኝም" የሚሉት።

መጠኑ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ድምፅ ሲቀንስ ቤዙን ከሌላው አብልጦ ይጥላል። ድምፅ ሲጨምር ቤዙ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ ማታ ቀንሳችሁ፣ ጠዋት ጨምራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት የተለያየ ሚክስ ነው የምትሠሩት። አንድ የሥራ መጠን ምረጡ። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማውራት የሚቻልበት ይሁን። ቁልፉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሳቡን ስታስተካክሉ በዚያ መጠን ይሁን።

ከዚያ ለዓመታት የምታውቁትን፣ በየቦታው ጥሩ ሆኖ የሚሰማ ዘፈን ክፈቱ። የራሳችሁን ሥራ አትክፈቱ። ሳቡን ከዜሮ ቀስ ብላችሁ አምጡት። መኖሩን ስታውቁ ትንሽ መልሱት። አዲስ ዕቃ መሆኑ ያስጎመጃል፤ ሁላችንም ከፍ አድርገን ነው የምንጀምረው። ከፍ ያደረገ ሰው ምን ይገጥመዋል? ቤዝ በዛ ብሎ ሚክሱ ላይ ይቀንሳል። ሥራው ውጭ ሲወጣ ባዶ ይሆናል። ቤዝ ይጎድለኛል ብሎ የገዛው ሳብ ዘፈኑን ቤዝ አልባ ያደርግበታል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለደንበኛ የሚላክ ሥራ አትሥሩበት። ዝም ብላችሁ የምታውቁትን ሙዚቃ ስሙበት።

መለካት ለምትፈልጉ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የመለኪያ ማይክ ይፈልጋል፤ የስልክ ማይክ ለዝቅተኛው ድምፅ አይታመንም። ማይኩ ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታ ይቁም። ከ20 እስከ 200 ሄርዝ ያለውን እዩ። የጎላውን ጉብታ በኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚጨምርና በሚቀንስ መሣሪያ) መቀነስ ይቻላል። የጎደለውን ጉድጓድ ግን በኢኪው አትሙሉ። 10 ዴሲቤል መጨመር ከአምፕሊፋየሩ አሥር እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ጉድጓዱም አይሞላም። ጉድጓድ የሚስተካከለው ሳቡን ወይም ወንበሩን በማንቀሳቀስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳቡን የምታጠፉበት መንገድ ይኑራችሁ። አንዳንዶቹ በእግር የሚረገጥ ማጥፊያ አላቸው። ሳብ ባለበት ክፍል ውስጥ ንጹሕ 45 ሄርዝ ቤዝ ምሉዕ ሆኖ ይሰማል። አድማጩ ግን በስልክ ነው የሚሰማችሁ። ስልክ ያን ድምፅ ፈጽሞ አያወጣውም። ስለዚህ ደጋግማችሁ አጥፉና ስሙ። ቤዙ ከጠፋ ከላይ ድምፅ እንዲኖረው ትንሽ ሳቹሬሽን (ተከታይ ድምፆችን የሚጨምር ለስላሳ መዛባት) ስጡት። በሳቡ ታቹን፣ ያለ ሳቡ መስመሩን ታያላችሁ። ሥራው የተሟላ የሚሆነው በሁለቱም ሲቆም ነው።

ከጥያቄዎቹ

አንዲት አቀናባሪ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንደምትሠራ ነግራኝ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ምን ላድርግ አለችኝ። በቅንነት ልመልስ። ቤዝን ኮንክሪት ውስጥ እንዳያልፍ ማድረግ በቤት አቅም አይቻልም። ከሳቡ ሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም ስፖንጅ ማድረግ በወለሉ የሚሄደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን አያቆምም። ጥግ ላይ የምታቆሙት ጥጥም ክፍላችሁን ያስተካክላል እንጂ ለጎረቤት ግድግዳ አይሆንም። ስለዚህ ሰዓት ይለይ። የቤዝ ውሳኔዎች በቀን ይወሰኑ። ማታ በሄድፎን ኤዲት፣ ድምፅ ማጽዳት፣ ማስተካከል ይሠራ። ጎረቤቶችን አስቀድሞ ማነጋገርም ከማንኛውም ላስቲክ ይበልጣል።

ሌላው "ሳቡን ከገጠምኩ ጀምሮ ኡኡኡ የሚል ድምፅ አለ" አለ። የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው። ትንሹ ሞኒተር ያን ድምፅ ስለማያወጣ አልሰማኸውም ነበር። ሳቡ ያወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርፌሱና ሳቡ ከተለያየ ሶኬት መብራት መውሰዳቸው ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ማከፋፈያ አምጣቸው። ገመዱ ባላንስድ (ከውጭ የሚገባ ጉርምርምታን የሚያስወግድ) ይሁን፤ ኤክስኤልአር ወይም ቲአርኤስ። የመሬት ሽቦውን እንቆርጠዋለን የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበል። ሰው ይገድላል። መብራት በሄደ ቁጥር ሳቡንና ሞኒተሮቹን ከማብሪያቸው አጥፋቸው። መብራቱ ተመልሶ ሲረጋጋ መጀመሪያ ኮምፒውተሩና ኢንተርፌሱ፣ በመጨረሻ ሳቡና ሞኒተሮቹ ይብሩ። ስታጠፋ ተቃራኒው ነው።

ሄድፎን አይበቃም ወይ ተብዬም ተጠየቅኩ። ጥሩ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ክፍሉን ከጨዋታ ያስወጣል። ክፍሉ 3 በ3 ለሆነና ጥግ ለመሙላት ለማይፈቀድለት ሰው፣ ከሳብ በፊት እሱን እመክራለሁ። ግን ቤዝ በሰውነት ጭምር ነው የሚሰማው። ኪክና ቤዝ ጊታር እንዴት እንደሚገፋፉ በሄድፎን ብቻ መወሰን ይከብዳል።

የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። "ለአንዱ ብቻ ቢበቃኝስ?" ጥጥና እንጨት፣ ከዚያ የመለኪያ ማይክ፣ ከዚያ ሳብ። በዚህ ቅደም ተከተል። ሳቡ ሲደርስም ከሞኒተራችሁ ጋር የሚሄድ ባለ 8 ኢንች ለ3 በ4 ክፍል ይበቃል። ለፊልም ተብሎ የተሠራ የሆም ቲያትር ሳብ በርካሽ ስላገኛችሁ አትግዙ። ለሞኒተሮቹ የሚቆርጥ መውጫና ባላንስድ መግቢያ ብዙ ጊዜ የላቸውም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ ከ30 እስከ 100 ሄርዝ ቀስ ብላችሁ አጫውቱት። የሚያንኳኳ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ ተዉት።

የክፍላችሁን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ለክታችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ኑ። ካልኩሌተርና ነጭ ሰሌዳ አለ፤ የእያንዳንዳችሁን ኖታዎች አሁን እናወጣቸዋለን።